አክስቴ አትሰማም

እናቴ ስለ ታናሽ እህቷ የምታወራው ነገር ሁሉ በአንድ ቃል ነበር የሚያልቀው። «አትሰማም!» ትላለች። የስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች፣ «አትሰማም እኮ! ምን ላድርጋት?» ትላለች። ልብስ ልትለካ የመጣች ጎረቤት መስታወቱ ፊት ወገቧን እያየች፣ «ለብቻሽ ከምትብሰለሰዪ ለምን ሐኪም ዘንድ አትወስጃትም?» ትላታለች።

እኔ ጠረጴዛው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀምኩ ይህን ስሰማ ልቤ ድንግጥ ይላል። አለመስማት ምን ማለት እንደሆነ አሳምሬ አውቅ ነበራ! እግርሽን ታጠቢ ተብዬ ሳልታጠብ ስቀር፣ ከአጥር ላይ ውረጂ ተብዬ ስቆይ፣ «አንቺ ልጅ፣ አትሰሚም?» ተብዬ ጆሮዬ የተቆነጠጠበትን ቀን ማን ቆጥሮት! ምክር የማይሰማ ሰው ሐኪም ዘንድ እንደሚወሰድ ግን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። የሐኪም ቤቱን መርፌ ደግሞ ከዚያ በፊት ተዋውቀናል። ስለዚህ ለአንድ ሰሞን እንደ እኔ ያለ ታዛዥ ልጅ በሰፈሩ አልነበረም። እናቴ ሳትጠራኝ «አቤት» እላት ጀመር።

አክስቴ ከእኛ ጋር ነበር የምትኖረው። አባቴ ሩቅ ቦታ ስለሚሠራ ቤቱ የሦስት ሴቶች ቤት ነበር፤ እናቴ፣ አክስቴና እኔ። አክስቴ ፎቶ አንሺ ናት። ሠርግና ልደት አታነሳም፤ የመታወቂያ ፎቶ የሚለምናትን ሰውም በሳቅ ነው የምትሸኘው። የምታነሳው ሙዚቀኛ ነው። በከተማው መሐል ባንዶች እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ የሚጫወቱበት አንድ ትልቅ አዳራሽ ነበር። በሩ ላይ የሚለጠፈውን ፎቶ፣ ካሴት ሽፋን ላይ የሚወጣውን፣ ዘፋኞቹ ለወዳጆቻቸው ፈርመው የሚሰጡትን፣ ሁሉንም የምታነሳው እሷ ነበረች። ሙዚቀኞቹ ከፍላሿ የተነሳ «ብልጭታ» ይሏታል። ስሟን የሚያውቅ መኖሩንም እንጃ።

የቤታችን አንድያ መታጠቢያ ቤት ለሳምንቱ እኩሌታ የእሷ ነው። መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍና፣ ቀይ አምፖል አብርታ፣ ፊልም ታጥብበታለች። እናቴ በሩን እየደበደበች፣ «ኧረ ልጅቷ ሽንቷ ሊያመልጣት ነው!» ብላ ብትጮህ ከውስጥ መልስ የለም። «ይኸው ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ!» ትልና ውጭ ያለውን የመብራት ማጥፊያ ቀጭ ቀጭ ታደርገዋለች። ያን ጊዜ ነው አክስቴ ከውስጥ የምትመልሰው።

«ምነው እትዬ? ብትጠሪኝ አይሻልም?»

እናቴ እጇን አናቷ ላይ ትጭናለች። እኔም፣ ግትር ሰው መብራት ካላጠፉበት አይሰማም ማለት ነው ብዬ ያዝኩ።

ቢሆንም አክስቴን የምወዳትን ያህል የምወደው ሰው አልነበረም። ምክንያቱም ሳወራላት ዓይኗን ከፊቴ ላይ አትነቅልም። ሌላው ትልቅ ሰው ልጅ ሲያወራ ጋዜጣ ያነባል፣ ኪሱን ይፈትሻል፣ «እሺ እሺ» ይላል። እሷ ካሜራውን አስቀምጣ፣ ጎንበስ ብላ፣ ቃሉን አንድ በአንድ ከአፌ ላይ ትለቅመዋለች። በዓለም ላይ እንደ እኔ ጨዋታ አዋቂ ያለ አይመስለኝም ነበር። ከአፌ ላይ እየለቀመችው እንደነበር፣ ያውም የምሬን ነው፣ የገባኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

እሑድ ሲደርስ እናቴ ጸጉሬን አበጥራ ከአክስቴ ጋር ትልከኛለች። በር ላይ ሁልጊዜ አንድ ትእዛዝ አለ፤ «እጇን አጥብቀሽ ያዢ። መንገድ ስትሻገሩ እንዳትለቂያት።» ለእኔ የታሰበልኝ ነበር የሚመስለኝ። አንድ ቀን ጭነት መኪና ከኋላችን ጥሩምባውን ሲነፋ ደንግጬ እጇን ወደ ዳር ጎተትኳት። መኪናው ቀሚሷን እያወዛወዘ አለፈ። አክስቴ መኪናውን አየችው፤ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ «ጎበዝ!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ፈሪ በመሆኔ መሞገሴ ገረመኝ። አሁን እኔ ራሴ ልጆች ካሳደግኩ በኋላ ሳስበው፣ በዚያ ሁሉ እሑድ መንገድ የምትሻገረው አክስቴ ነበረች፤ አሻጋሪዋ እኔ።

አዳራሹ ውስጥ ስንገባ የወለል ሰም፣ የጋለ ሽቦና የላብ ሽታ ይቀበለናል። ለመድረኩ መብራት እንዲመች መስኮቶቹ በሙሉ በወፍራም ጥቁር መጋረጃ የተሸፈኑ ናቸው፤ ውጭ ጠራራ ፀሐይ እያለ ውስጡ ሌት ነው። ሙዚቀኞቹ ገመድ ይስባሉ፣ በማይኩ «አንድ፣ ሁለት» ይላሉ፣ ደግሞም ይጮኻሉ። እንዴት ነው የሚጮኹት! አጠገብ ላጠገብ ቆመው ተራራ ለተራራ እንደሚጠራራ ሰው ነው የሚነጋገሩት።

«ረጅሙ ገመድ የታለ?» ይላል ጊታር ተጫዋቹ።

«አዎ፣ ቅድም በልቻለሁ!» ይለዋል ቤዝ ተጫዋቹ።

«ገመዱ ነው ያልኩህ!»

«በልቻለሁ አልኩህ እኮ፣ ምነው?»

የሙዚቃ ሰው ሁሉ ጠበኛ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሲጨቃጨቁ ቆይተው ሲጀምሩ ያ ሁሉ ጠብ ወዴት እንደሚሄድ ግን ግራ ይገባኝ ነበር።

አክስቴ መድረኩ ሥር ስትደርስ የመጀመሪያ ሥራዋ ጫማዋን ማውለቅ ነው። የመድረኩ ፊት ያለው ወለል ጣውላ ነው። ባዶ እግሯን እዚያ ላይ ቆማ፣ አንዳንዴም መዳፏን የመድረኩ ጠርዝ ላይ ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና ትቆያለች። ጫማዋ ጠቧት ነው ብዬ ለእናቴ ነገርኳት፤ እናቴ መርፌዋን አቁማ፣ «አዎ፣ ጠቧት ይሆናል» አለችኝ።

እዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድ ጠላት ነበረኝ። ድራም መቺው ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ጢሙ ጭፍግግ ያለ፣ ሲመታ ግድግዳው የሚርገፈገፍ ሰው ነበርና «ነጎድጓድ» ነው የሚሉት። ሙዚቀኞቹ «ብልጭታ ቀድማ ትመጣለች፣ ነጎድጓድ ተከትሎ ይመጣል» እያሉ ይስቃሉ፤ አክስቴ አንገቷን ትሰብራለች። ታዲያ ይህ ሰው ሙዚቃው መሐል ላይ አክስቴን በአገጩ ይጠራታል። በድራም መምቻ እንጨቱ ይጠቁማታል። አንዳንዴ እግሩን መድረኩ ላይ ድም አድርጎ ይረግጥባታል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት! እሷ ደግሞ አትቆጣም፤ እንዲያውም ቶሎ ካሜራዋን ታነሳለች።

አንድ እሑድ አላስቻለኝም። ዕረፍት ላይ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ ውሃ ሲጠጣ ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

«ጋሼ!»

አላየኝም። ሱሪውን ጎተትኩት።

«አቤት የኔ እመቤት።»

«እርስዎ ባለጌ ነዎት!» አልኩት። እናቴ ትልቅ ሰው በአንቱታ እንጂ በአንተታ አይናገሩም ብላ ስላሳደገችኝ ስድቤም በአንቱታ ነበር።

ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ አፌ አስጠጋ። «እስቲ ድገሚልኝ።»

የሚፎክርብኝ መሰለኝ። «ባለጌ ነዎት!» ብዬ ባለ በሌለ ድምፄ ጮኽኩ። ቤዝ ተጫዋቹ ሳይቀር ዞረ። «ሰው በእንጨት አይጠቆምም! በአገጭም አይጠራም! አክስቴ ትልቅ ሰው ናት!»

ጢሙ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። «ልክ ነሽ፣ አጥፍቻለሁ» አለ፤ «ግን እንደዚያ አድርግልኝ ያለችኝ አክስትሽ ራሷ ናት።»

ጥፋቱን በሰው የሚያላክክ ትልቅ ሰው ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር። ጥዬው ሄድኩ። ይህ ሰው አክስቴን ካገባና የሁለት ልጆቿ አባት ከሆነ በኋላ፣ ምሳ እየበላን፣ በሹካው እየጠቆመ አንድ በአንድ አስረዳኝ። አገጩን ወደ ላይ ሲያነሳ ዘፋኟ ድምጿን ልታወጣው ነው ማለት ነው። እንጨቱን ወደ ግራ ሲቀስር የጊታሩ ተራ ደርሷል። እግሩን ድም ሲያደርግ ዘፈኑ እያለቀ ነው። ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት ቋንቋ ነበር። «ያን ቀን ባለጌ ስትዪኝ» አለኝ፣ «እንዴት ደስ እንዳለኝ! ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም የምጠብቃት አልኩ።»

እሱን ከሰደብኩ በኋላ ነው የድምቢጥ እሑድ የመጣው።

ድምቢጥ አዲሲቷ ድምፃዊት ናት። ቀጭን፣ አጭር፣ ማይኩ ሁልጊዜ ከአፏ በላይ የሚሆንባት ልጅ ነበረች፤ ስሙም ከዚያ ወጣላት። ሰዉ ግን ለእሷ ሲል ነበር አዳራሹን የሚሞላው። የመጀመሪያ ካሴቷ ሊወጣ ነው፤ ለሽፋኑ የሚሆነውን ፎቶ አክስቴ በዚያ እሑድ ልታነሳ ተነግሯታል። ጠዋቱን ሙሉ እሷ ሌንስ ስትወለውል፣ እናቴ ደግሞ ቀሚሷን ስትተኩስላት ነበር ያረፈዱት።

አዳራሹ ስንደርስ አክስቴ አጎንብሳ ፊልም ትከት ጀመር። እኔ ስፒከሩ ኋላ ተቀምጬ ሳለ ባለ አዳራሹ መጣ። ዘወትር ከረባት የማይለየው፣ ሆዱ የሚቀድመው ሰው ነው። ጊታር ተጫዋቹን ጠርቶ በጆሮው የሚያንሾካሹክ መስሎት ይናገር ጀመር።

«ይህቺ ልጅ ኮርታብኛለች። ከኋላዋ ስጠራት ዞር እንኳን አትልም። ባለፈው ሰላም ስላት ጥላኝ ሄደች። ለሽፋኑ ሌላ ሰው ላመጣ ነው፤ ዛሬም የተውኳት ቸግሮኝ ነው።»

«ምን አልከኝ?»

«ሌላ ፎቶ አንሺ!»

እኔ ብቻ አይደለሁም፣ በር ላይ ትኬት የሚቆርጠውም ሳይሰማ አይቀርም። ብር ብዬ ሄጄ የአክስቴን ቀሚስ ያዝኩ። «አክስቴ፣ ኮርታለች እያሉ ነው! ሌላ ሰው ሊያመጡ ነው!» እሷ ፊልሙ ላይ አቀርቅራ፣ አንድ ጊዜ ራሴን ዳበስ አድርጋ፣ «እሺ የኔ ቆንጆ፣ አሁን እንገዛለን» አለችኝ። ከረሜላ የጠየቅኳት መስሏት ነበር።  ሥራዋን ሊነጥቋት ነው ብላት እሷ ስለ መግዛት ታወራለች። እውነትም ኮርታለች ማለት ነው፣ አልኩ በሆዴ።

ሙዚቃው ተጀመረ። ድምቢጥ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ወጣች። ሁለት የሚታወቁ ዘፈኖች ዘፍና፣ ከአዲሱ ካሴት የሆነውንና ማንም የማያውቀውን ዘፈን ጀመረች። ነጎድጓድ አገጩን ሊያነሳ ሲል፣ ቀጭ አለና ሁሉም ነገር ጠፋ።

መብራት ሄደ። መድረኩ ጠፋ፣ ስፒከሩ ጠፋ፣ ጊታሩም ኪቦርዱም እንደ ተቆረጠ ክር ቀሩ። መጋረጃው አንዲት የፀሐይ ፍንጣቂ አያሳልፍም። ሕዝቡ በአንድ አፍ «ኧረ!» አለ። ከዚያ ጸጥታ ሆነና፣ ከጸጥታው ውስጥ የድምቢጥ ድምፅ መጣ። አላቆመችም ነበር። ያለ ማይክ፣ ያለ ጊታር፣ ቃሉን ከቆመበት አንስታ ትዘፍናለች። ነጎድጓድ በእግሩ የሚመታውን ትልቁን ድራም ብቻ ቀስ አድርጎ ያስከትላል፤ ዱም፣ ዱም።

በዚህ መሐል የአክስቴ እጅ ፈልጎ አገኘኝ። በረዶ ሆኗል። ይንቀጠቀጣል።

ፈርታለች! ማመን አቃተኝ። ጨለማ ክፍል ውስጥ የምትውል ሰው ጨለማ ትፈራለች? እኔ እንኳን አልፈራሁም። ዛሬ ያንን እጅ ሳስታውስ ነው የሚያመኝ። ዓይኗ ነበር ጆሮዋ። የነጎድጓድን አገጭ፣ የድምቢጥን ከንፈር፣ የሕዝቡን ፊት እያየች ነበር የምትሰማው። መብራቱ ሲጠፋ ድምፁም አብሮ ጠፋባት። ሙዚቃው ይቁም፣ ሰው ይሩጥ፣ ጣሪያው ይውደቅ፣ የምታውቀው ነገር አልነበረም። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል የነበራት ነገር የእኔ እጅ ብቻ ነው።

እኔ ያደረግኩት እናቴ የምታደርግልኝን ነው። ቤት መብራት ሲጠፋብን እናቴ እጄን ይዛ ታንጎራጉርና በዜማው ልክ መዳፌን ጨመቅ ለቀቅ ታደርገዋለች፤ ፍርሃቱም ይለቀኛል። እኔም የአክስቴን እጅ በሁለት እጄ ያዝኩና በድምቢጥ ዘፈን ልክ ጨመቅ፣ ለቀቅ፣ ጨመቅ አደረግኩት። ድምቢጥ ስታረዝም አረዘምኩ፤ ስትሰባብር ሰባበርኩ።

መንቀጥቀጡ ቆመ። አክስቴ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ እንደ ሐውልት ቀጥ አለች። ከዚያ አውራ ጣቷ መለሰልኝ፤ አብሮኝ ይመታ ጀመር። ባዶ እግሯም ጣውላው ላይ ተነቃነቀ፤ ድራሙን አግኝታዋለች። እጄን አንስታ ማጅራቷ ላይ አስቀመጠችው። «እንዳታቆሚ» አለችኝ። በጣቶቼ ማጅራቷ ላይ መምታቴን ቀጠልኩ፤ እሷ ሁለት እጇ ነጻ ወጣ።

ቦግ!

ፍላሹ አዳራሹን ከጨለማው መዝዞ አወጣውና መልሶ ዋጠው። ድምቢጥን አየኋት፤ የሞተውን ማይክ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ዓይኗን ጨፍና። ድጋሚ ጨለማ። ወደ ፊት ተራመድን፤ እኔ በእግር ጣቶቼ ጫፍ ቆሜ፣ እሷ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ። ቦግ! በመጀመሪያ ረድፍ የተቀመጠች ሴትዮ አፏን በእጇ ይዛ ታለቅሳለች። ቦግ! ነጎድጓድ ጨለማው ውስጥ ወደ እኛ ወደ ነበርንበት ሲያይ ተያዘ።

«ብልጭታ! ይብቃሽ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ባለ አዳራሹ ነው። «ሰዉን አትረብሺ! ብልጭታ!»

ቦግ!

ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል መብራቱ መጣ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ባለ አዳራሹ ሰዉን እየገፋ መጥቶ ከአክስቴ ኋላ ቆመ። ፊቱ በርበሬ መስሏል።

«አንቺን እኮ ነው! ከሰው አትቆጥሪኝም እንዴ?»

አክስቴ ጀርባዋን እንደሰጠችው ለድምቢጥ እየሳቀች ፊልሟን ትጠቀልላለች። እኔ በእሷ ፈንታ አፈርኩ። እንደ ትልቅ ሰው ራሴን ነቀነቅኩና በእናቴ አነጋገር ለመንኩት።

«ይተዋት ጋሼ። ምን ይደረግ፣ አትሰማም። እማዬ ሐኪም ዘንድ ልትወስዳት ነው።»

ሰውየው ጎንበስ አለ። እኔን አየኝ። አክስቴን አየ። ከዚያ ሁለት እጁን ከአክስቴ ራስ ኋላ አድርጎ አንድ ጊዜ ጧ አድርጎ አጨበጨበ። እኔ ዘለልኩ። እሷ ፊልሟን ትጠቀልላለች።

ባለ አዳራሹ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ዞሮ ሄደ። ሽምግልናዬ ሠራ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ብዙም ሳይቆይ ሰውየው ቤታችን መጣ። በር ላይ ከረባቱን ሳይ ገባኝ፤ የአክስቴን አለመታዘዝ ለእናቴ ሊከስ ነው። እናቴ የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ሸፍና ሻይ አቀረበች። እኔ ወደ ጓዳ ተባርሬ በሩ ሥንጥቅ ላይ ተለጠፍኩ። አክስቴ አልተቀመጠችም፤ ግድግዳውን ተደግፋ ታየዋለች። ሰውየው ጢሙን እየዳበሰ ለረጅም ጊዜ ሲያጉተመትም ቆየ።

«እጅዎን ከአፍዎ ላይ ያንሱልኝ» አለችው አክስቴ፤ «የማየው አፍዎን ነው።»

ኧረ እግዚኦ! እንግዳ እንዲህ ይባላል? ሐኪሙን አሁን በራሷ ጠራችው አልኩ።

ሰውየው እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቀስ በቀስ ነው የሄደው። ድምቢጥ ወደ እናንተ ስትመጣ አልቆ ነበር።» ድምጿ ከፍ ዝቅ ይላል። «‹ደንቆሮ ደግሞ ሙዚቃ ታነሳለች?› ትሉኛላችሁ ብዬ ነው የደበቅኩት። ሊያስቆሙኝ ከሆነ የመጡት፣ እዚሁ ይጨርሱት።»

እናቴ ሁለተኛውን ስኒ ይዛ ቆማለች። 

ባለ አዳራሹ ወንበሩን አዙሮ ቀኝ ጎኑን ሰጣት። «እስቲ የመጨረሻውን በዚህ በኩል ድገሚልኝ። በግራዬ የሚነግሩኝን መስማት ከተውኩ ስንት ዘመኔ።»

«ምን አሉ?» አለች እናቴ።

«ስፒከር ሥር አይደለም እንዴ ያረጀሁት፣ እመቤቴ! ምን ጆሮ ይተርፈኛል? የጊታሩ ልጅ በቀኙ አይሰማም። ቤዙ ጭራሹን ተዪው፤ ሌላ ጠይቄው ሌላ ነው የሚመልስልኝ። ነጎድጓድማ፣ ባለፈው የእሳት አደጋ መኪና እየጮኸ አጠገባችን ሲያልፍ ‹ምነው ዛሬ ከተማው ጭር አለ?› አለኝ!»

እናቴ ስኒውን አስቀምጣ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መስሎኝ ልወጣ ስል ሳቋ ፈነዳ። አክስቴ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው እያየች፣ «ምንድነው? ምን አለ? ንገሩኝ እንጂ!» ትላለች። እናቴ እንባዋን እየጠረገች ፊት ለፊቷ ቆማ አንድ በአንድ በከንፈሯ ነገረቻት። የእሳት አደጋው መኪና ላይ ስትደርስ አክስቴም ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«እኔ ኮርታለች እልሻለሁ» አለ ሰውየው ሳቁ ሲበርድ፤ «እነሱ እርስ በርስ ይደባበቃሉ፤ እኔም ከእነሱ እደበቃለሁ። አንድ አዳራሽ ሙሉ ደንቆሮ ተሰብስበን ስንጯጯህ አንቺ ብቻሽን ምን ብለሽ ትፈሪኛለሽ? በይ ፎቶውን አምጪልኝ።»

አክስቴ ከመታጠቢያ ቤት ገና ያልደረቀ ፎቶ በሁለት ጣቷ ይዛ መጣች። ሰውየው መስኮቱ አጠገብ ወስዶት ቆየ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

«ለሽፋኑ ይህ ይሁን። በጨለማ ነው ያነሳሽው» አለ በመጨረሻ። «ደግሞ አትሰሚም። የት ቦታ ላይ እንደደረሰች እንዴት አወቅሽ?»

አክስቴ ወደ ጓዳው በር ጠቆመች። ሥንጥቁ ላይ መሆኔን እንዴት እንዳወቀች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። «እሷ ነገረችኝ» አለች።

እኔ ምንም አልነገርኳትም! ይህንን እምልና እገዘት ነበር። ልቤ የከበደው ግን በሌላ ነገር ነው፤ ለካ ሙዚቀኛ በሙሉ የማይሰማ ኖሯል፣ ትልልቅ ሰዎች ሆነው! እናቴ ይህን ሁሉ ሰው እንዴት አድርጋ ሐኪም ዘንድ ልታደርሰው ነው?

ሰውየው ከሄደ በኋላ አክስቴ ወደ መታጠቢያ ቤት ጠራችኝ። በሩን ዘጋች፤ ቀዩ አምፖል ፊቷን አቀላው። ጎንበስ ብላ፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ፣ ጆሮዋን አሳየችኝ። እንደማንኛውም ሰው ጆሮ ነው።

«እዚህ ውስጥ ድምፅ አይገባም» አለችኝ። «እናትሽ አትሰማም የምትለው ይህንን ነው። አየሽ?»

ጣቴን አስገብቼ ነካሁት። «ያማል?»

«አያምም።»

«መርፌ ይወጉሻል?»

«አይወጉኝም። ሐኪሙም አይቶኛል፤ የሚደረግ ነገር የለም አለ። እትዬ ግን አታምንም። እሷ ናት የማትሰማው።»

ሳቅኩ። ከዚያ ሳላስበው አለቀስኩ። አቀፈችኝ። ፎቶዎቹ በልብስ መቆንጠጫ ተይዘው ከራሳችን በላይ ተንጠልጥለዋል፤ የውሃ ጠብታ አንዱ አንገቴ ላይ ወደቀ። አክስቴ ባለ አዳራሹ ለሽፋኑ የመረጠውን አወረደችና ቀዩ መብራት ሥር ይዛ ታየው ጀመር። የድሮዎቹን ዘፋኞች በሙሉ ድምፃቸውን በልቧ ታውቃለች፤ ጆሮዋ ደህና ሳለ የሰማቻቸው ናቸው። ይህቺኛዋን ግን ስንትና ስንት ጊዜ አንስታታለች እንጂ ሰምታት አታውቅም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ፣ ዓይኗን አፌ ላይ ተክላ። «ድምጿ እንዴት ነው?»

«የድምቢጥ? ቆንጆ ነው።»

«ቆንጆ መሆኑንማ ሁሉም ይነግረኛል። እንዴት ነው?»

አሰብኩ። ቀጭን ልል ፈለግኩ፤ ግን ቀጭን ብቻ አይደለም። እንደ ወፍ ልል ፈለግኩ፤ እንደ ወፍም አይደለም። አክስቴ አላጣደፈችኝም።

«እማዬ አለች አይደል» አልኳት ቀስ ብዬ፣ ከንፈሬን እንድታየው፣ «ስትቆጣን ቆይታ፣ በጣም ስትቆጣ፣ ቁጣዋ ሳያልቅ ሳቋ ሲያመልጣት? ቅድም እንደሳቀችው? እንደዚያ ነው።»

አክስቴ ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ድምቢጥ ዓይኗን ጨፍና፣ ግንባሯ እንዳዘነ ሰው ተቋጥሮ፣ ከንፈሯ ግን ከዳር በኩል ሊፈታ ጀምሮ ነበር። አክስቴ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ መልሳ በመቆንጠጫው ሰቀለችው፣ እጇንም በቀሚሷ ጠረገች።

«እሱንማ» አለች፣ «አይቼዋለሁ።»